የቡድን ሜዳሊያና ባጅ ከብረት በእጅ ቀጥቅጦ መሥራት

በትርፍ ሰዓታቸው ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ቡድን ሲመሠርቱ፣ ብዙም ሳይቆይ «የራሳችን ምልክት ይኑረን» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሌላ ቦታ ማሠራት ይቻላል። ግን እሳትና መዶሻ እጃችሁ ላይ እያለ ለምን? በራስ እጅ የተመታ ሜዳሊያ ጠርዙ ትንሽ ይወላገዳል፣ የአንዱ ከሌላው ይለያል። እኔ የምወደው ይህንን ነው።

ሥራው ሁሉ የሚያርፈው ማኅተሙ ላይ ነው፤ ማለትም ምልክቱ ፊቱ ላይ የተቀረጸበትና በመዶሻ የሚመታው የብረት ቁራጭ። ማኅተሙ ጥሩ ከሆነ ጀማሪም ጥሩ ሜዳሊያ ያወጣል። ስለዚህ ለቡድኑ አንድ ማኅተም በጥንቃቄ ሥሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ አባል የራሱን ይምታ።

ማኅተሙ

ምልክቱ ቀለል ያለ ይሁን። አንድ ፊደል፣ ቅጠል፣ መዶሻና መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት ከባድ ብረት) ይበቃል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር በጋለ ብረት ላይ አይወጣም። የማኅተሙ ፊት ከ25 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ እመርጣለሁ። ከዚያ ከሰፋ ክንድ የማይችለውን ጉልበት ይጠይቃል።

ለማኅተሙ የሚጠነክር ብረት ያስፈልጋል። ያረጀ የመኪና አክስል ቁራጭ ጥሩ ነው። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። መጀመሪያ አለስልሱት። ማግኔት እስከማይዘው ድረስ አግሉትና በደረቅ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ አሳድሩት። ጠዋት በሞረድ ፊቱን አስተካክሉ።

አሁን ምልክቱን ገልብጣችሁ ሳሉ፤ በመስታወት እንደሚታየው ማለት ነው። ፊደል ካለበት በተለይ ተጠንቀቁ። ማኅተሙ ላይ የተቦረቦረው ቦታ ሜዳሊያው ላይ ጎልቶ ይወጣል። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። የመስመሩ ግድግዳ ወደ ውጭ ጋደል ይበል። ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ትኩሱ ብረት ገብቶ ይነክሳል፣ ማኅተሙም አልላቀቅ ይላል። ቅርጹን እያወጣችሁ መሃል መሃል ላይ እርጥብ ሸክላ ላይ ጫኑት። ሸክላው ላይ ያያችሁት ነው ብረቱ ላይ የሚወጣው።

ቅርጹ ሲያልቅ የፊቱን በኩል ብቻ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አግሉ። ማግኔት ሲለቀው ዘይት ውስጥ ንከሩት። የዘይቱ ዕቃ የብረት ይሁን፣ ክዳኑም አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ ዘይቱ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ከዚያ ፊቱን አጽዱና ከኋላ በኩል ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ቀለሙ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይሆናል። ሐምራዊው ፊቱ ላይ ሲደርስ ከእሳቱ አውጡት። መዶሻ የሚያርፍበት ጫፍ ግን ጨርሶ አይጠንክር። የጠነከረ ጫፍ ሲመታ ስባሪው ይፈናጠራል።

ክቡ ብረት

40 ሚሊ ስፋት፣ 4 ሚሊ ውፍረት ያለው ሜዳሊያ ከ20 ሚሊ ድፍን ዘንግ ላይ 16 ሚሊ ያህል ይፈልጋል። እሳት የሚበላው ስላለ 18 ያዙ። ቁራጩን ግን ቆርጣችሁ አትለዩት። ከጫፉ 18 ሚሊ ላይ ዙሪያውን አስርጉዱና አንገት አውጡለት፤ አንገቱ 10 ሚሊ ያህል ይቅርለት። ዘንጉ እጀታ ይሆናችኋል፣ ከጉጠት ጋር መታገል ይቀራል።

ብርቱካናማና ቢጫ መሃል ሲደርስ አውጥታችሁ ጠፍጥፉ። ጠርዙን አልፎ አልፎ ነካ እያደረጋችሁ ክብነቱን ጠብቁ። ቀይነቱ ሲደበዝዝ መምታት አቁሙ። በቀዘቀዘ ብረት ላይ መታገል ጠርዙን ይሰነጥቀዋል።

ምቱ

ይህ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንዱ ሜዳሊያውንና ማኅተሙን ይይዛል፣ ሌላው በከባድ መዶሻ ይመታል። ማኅተሙ ረጅም እጀታ ይኑረው ወይም በጉጠት ይያዝ። መስፉን ቀድማችሁ ሞቅ አድርጉት። ስስ ብረት በቀዝቃዛ መስፍ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ይጠቁራል።

ሜዳሊያውን ደማቅ ቢጫ አድርጉ። ስታወጡት በሽቦ ብሩሽ ፈጥናችሁ ጥረጉት፣ አለዚያ እሳቱ ላዩ ላይ ያወጣው ጥቁር ቅርፊት ምልክቱ ውስጥ ይታተማል። ማኅተሙን አስቀምጡ፤ ያዡ «በል!» ሲል አንድ ጠንካራ ምት። አንድ ብቻ። ሁለተኛ ምት ማኅተሙ ካልተነቃነቀ ያጎላዋል፣ በግማሽ ሚሊ ከተንሸራተተ ግን ምልክቱ ድርብ ይሆናል። ማኅተሙንም ወዲያው አንሱት። ትኩስ ብረት ላይ ከቆየ ጥንካሬውን ያጣል።

ከመምታታችሁ በፊት ሁላችሁም መነጽር አድርጉ፣ ልብሳችሁ ጥጥ ወይም ቆዳ ይሁን። ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት ውስጥ በፍጹም አታስገቡ፣ ጭሱ ይመርዛል።

ማጠናቀቅ

ለሜዳሊያ አንገቱን አትቁረጡት። አግሉና ወደ 3 ሚሊ እስኪቀጥን ሳቡት፣ ከዘንጉ ለዩትና ወደ ኋላ ጠምዝዛችሁ ቀለበት አውጡለት። ማንጠልጠያው ከራሱ ብረት ይሆናል። ለባጅ ግን አንገቱን ቆርጣችሁ ጠርዙን ሞርዱ፣ ጀርባውን እስኪያበራ ፈግፍጋችሁ ፒኑን በኢፖክሲ ሙጫ ለጥፉ። ሙጫው ሙቀት ስለማይወድ፣ ከታች የምነግራችሁ የሰም ቅብ ጀርባውን ከመፈግፈጋችሁና ከመለጠፋችሁ በፊት ይቅደም።

ፊቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ጎልተው የወጡትን መስመሮች ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹ። እነሱ ሲያበሩ ጎድጓዳው ጥቁር ይቀራል፣ ምልክቱም ከሩቅ ይነበባል። የመዶሻውን ዱካ ግን አደራ፣ አትፋቁት።

በመጨረሻ ሰም እስኪያቀልጥ ድረስ አሙቁትና የንብ ሰም ቀቡ፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ላብና ዝናብ ሰሙን ስለሚያነሳው፣ መደብዘዝ ሲጀምር ደግማችሁ ቀቡት። ኢፖክሲ ያለበትን ባጅ ግን ሁለተኛ አታሙቁት፤ ለስላሳ ሰም በጨርቅ ማሸት ይበቃዋል።