የባዮጋዝ ስለሪ ውስጥ ምን እንዳለ እንዴት እንደምለካ

ሆለታ አጠገብ አራት ክልስ ላሞች አሉኝ። እበታቸው ጠዋት ጠዋት ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል እየተበጠበጠ ወደ ባዮጋዙ ይገባል። ጋዙ ወደ ምድጃ፣ ተብላልቶ የተረፈው ፈሳሽ እበት፣ ስለሪ የሚባለው፣ ደግሞ ወደ ውጭው ጉድጓድ ይሄዳል፤ ከዚያ ለስንዴና ለድንች ማሳዬ ነው። ሁለት ዓመት በዓይን ግምት ስረጭ ቆየሁ። በሦስተኛው ዓመት አስመረመርኩ፤ በዚያው ዓመት ስንዴዬ ጋሸበ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለመያዝ ይቀላል ብዬ ናሙናውን ሸራ ላይ ፀሐይ አስጥቼ አድርቄ ላክሁ። ውጤቱ 2.4 በመቶ ናይትሮጅን ይላል፣ ከደረቁ ክብደት ማለት ነው። ስለሪዬ በመቶ 6.3 ያህሉ ብቻ ደረቅ ስለሆነ፣ ወደ እርጥቡ ስመልሰው 0.15 በመቶ ሆነ። ይሄማ ምንም የለውም ብዬ ስለሪውንም አብዝቼ፣ ዩሪያውንም ሙሉውን ሰጠሁት። ናይትሮጅን በዝቶበት ስንዴው መስከረም ላይ ገና እሸት ሳለ መሬት ላይ ተኛ። ላብራቶሪው አልተሳሳተም፤ የደረሰውን በትክክል ነው የለካው። ስለሪ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ አሞኒየም ነው፤ ሲደርቅ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል። እበት ሲደርቅ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ እሱ ነው። እኔ የላክሁት ግማሹ የበረረበትን ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ ለናይትሮጅን የሚላክ ናሙና እርጥብ ይሁን።

ሁለተኛው ማማሰል ነው፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱም እሱ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የቆየ ስለሪ ይለያያል፤ ከላይ ቅርፊት፣ መሐል ላይ ቀጭን ውሃ፣ ከታች ወፍራም ዝቃጭ ይሆናል። ፎስፈረሱና ኦርጋኒክ የሆነው ናይትሮጅን ከጠጣሩ ጋር ነው ያሉት፤ ፖታሽየሙና አሞኒየሙ ግን ፈሳሹ ውስጥ ሟምተዋል። ከላይ ብቻ የቀዳ ሰው ፎስፈረስ የለኝም ብሎ ያዝናል፤ ከታች ብቻ የቀዳ ደግሞ ያልሆነ ሀብት ያያል። እኔ በረጅም የባሕር ዛፍ አጠና ከዳር እስከ ዳር፣ ከታች ወደ ላይ ግማሽ ሰዓት አማስላለሁ።

እዚህ ላይ አደራ። ስለሪ ሲማሰል ውስጡ የታፈነው ጋዝ ይወጣል። ሰው በጥቂት ትንፋሽ ራሱን የሚያስት፣ የሚገድልም ጋዝ አለበት። ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ጉድጓዱ ላይ አታጎንብሱ፤ ልጆችንና እሳትን አርቁ። ባልዲ ቢወድቅ ተዉት፤ ማንም ተከትሎት አይግባ።

ከዚያ ረጅም እጀታ ባሰርኩበት ጣሳ ከተለያየ ቦታና ጥልቀት አሥር ጊዜ ቀድቼ አንድ ባልዲ ውስጥ እጨምራለሁ። ባልዲውን እያማሰልኩ፣ ሳላቆም፣ ሁለት የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ እሞላለሁ። ሩብ ያህሉን ባዶ እተዋለሁ፤ ስለሪው ጋዝ መሥራቱን ስለማያቆም ጠርሙሱ ይወጠራል። ብርጭቆ አይሆንም፣ ይፈነዳል። ቀኑን፣ የጉድጓዱን ሁኔታ፣ ዝናብ ገብቶበት እንደሆነ እጽፍበታለሁ። ያኔውኑ በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ከትቼ በማግስቱ አደርሳለሁ። ወቅቱም ለመርጨት የተቃረብኩበት ነው፤ የጥር ናሙና የሰኔውን ጉድጓድ አይነግረኝም።

አንደኛው ጠርሙስ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ጠቅላላ ናይትሮጅን፣ አሞኒየም፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሽየምና ደረቅ ይዘት ብዬ በስም አዝዛለሁ፤ ውጤቱም በእርጥቡ ክብደት እንዲጻፍልኝ። ሁለተኛውን ቤት አስቀርቼ ደረቅ ይዘቱን ራሴ እለካለሁ። የወጥ ቤት ሚዛኔ ከአንድ ግራም በታች ስለማይለይ ናሙናውን በዛ አደርገዋለሁ። ባዶው ቆርቆሮ 52 ግራም፤ 300 ግራም ስለሪ ሲጨመርበት 352። ለዚህ ብቻ ባስቀመጥኩት አሮጌ ኦቨን፣ ደጅ ላይ፣ 105 ዲግሪ አድርጌ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አደርቀዋለሁ፤ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጃል። ሲወጣ 71 መዘነ። 71 ሲቀነስ 52፣ 19 ግራም፤ ለ300 ሲካፈል 6.3 በመቶ። በፈላ ውሃ ድስት ላይ ልሞክር የሚል ካለ፣ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አይበቃም። ምጣድ ደግሞ ያሳርረዋል።

ይህን የማደርገው ለማረጋገጫ ነው። ላብራቶሪው በዚያ ዓመት 6.1 አለ፤ ተቀራረብን፣ ስለዚህ ሁለቱም ጠርሙስ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ነው። በጣም ብንለያይ ባልዲውን በደንብ አላማሰልኩም።

በእርጥቡ የተለካው ጠቅላላ ናይትሮጅን 0.28 በመቶ፣ ከዚያ ውስጥ አሞኒየሙ 0.13 ሆኖ መጣ። ያ የጠፋብኝ 0.13 ተገኘ። የስለሪ ክብደት ከውሃ ብዙም ስለማይርቅ 200 ሊትር በርሜል 200 ኪሎ ነው እላለሁ። ስለዚህ በበርሜል 0.56 ኪሎ ናይትሮጅን አለ፤ 0.26ቱ አሞኒየም፣ 0.30ው ኦርጋኒክ። ኦርጋኒኩ ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ሲሶውን ብቻ እቆጥራለሁ። አሞኒየሙን ሙሉ የምቆጥረው ስለሪው በረጨሁበት ቀን አፈር ከለበሰ ነው፤ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ካደረ ያው እንደ ሸራዬ ነው። ሲደመር 0.36 ኪሎ ይሆናል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ አንድ በርሜል ስምንት መቶ ግራም ያህል ዩሪያ ይተካልኛል። ለሩብ ሄክታር 10 ኪሎ ናይትሮጅን ከስለሪ ላግኝ ብል 28 በርሜል ነው።

ፎስፈረስ ላይ ተጠንቀቁ። ወረቀቱ ፎስፈረሱን ብቻውን ይጽፋል፤ የኤን.ፒ.ኤስ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለው 38 ግን ፎስፌት ተብሎ የሚሰላው ነው። ለማነጻጸር የወረቀቱን በ2.29 አባዙ። የእኔ 0.05 በመቶ በበርሜል 0.1 ኪሎ ነው፤ ሲባዛ 0.23።

ክረምት ገብቶ ጉድጓዱ ውሃ ሲቀላቀልበት እንደገና ላብራቶሪ አልሄድም። አማስዬ ደረቅ ይዘቱን ብቻ ቤት እለካለሁ። 6.3 የነበረው 4.2 ከሆነ ስለሪው በሲሶ ቀጥኗል፤ የበርሜሉንም ናይትሮጅን ከ0.36 ወደ 0.24 አውርጄ 28 የነበረውን በርሜል 42 አደርገዋለሁ።