ጌሾውን ተከተሉ

ደሴ ላይ ጌሾና ብቅል ቸርቻሪ ነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት። በአንድ በኩል የብቅል ጆንያ፣ በሌላው የጌሾ ክምር፣ መሐል ላይ እኔና ሚዛኔ። ሰው ግን ስለ ጌሾ አይደለም የሚጠይቀኝ። «ጥሩ ጠላ የት አለ?» ነው የሚለኝ። ቢራ እየተወደደ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል። እንግዳ የመጣበትም፣ ደሞዝ የራቀበትም፣ ዝም ብሎ ጎምዘዝ ያለ ነገር ያማረውም ሱቄ በር ላይ ይቆማል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንስማማ። ጎምዛዛ ጠላና የኮመጠጠ ጠላ ለየቅል ናቸው። ጎምዛዛው የሚጎመዝዘው ወተትን እርጎ በሚያደርጉት፣ የእንጀራን ሊጥ በሚያቦኩት ዓይነት ጥቃቅን ነፍሳት ነው። የምላሳችሁን ዳርና ዳር ነካ አድርጎ ምራቅ ያመጣል፤ ከዚያ ለጌሾው ምሬት ቦታ ይለቃል። የኮመጠጠው ግን አየር ገብቶበት አልኮሉ ወደ አቼቶ የተለወጠ ነው። እሱ ከምላስ በፊት አፍንጫን ይመታል፤ ጉሮሮንም ይዞ አይለቅም። የመጀመሪያውን ፈልጉ። ሁለተኛውን በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ብዙ ሰው ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ይዞራል። እኔ የምመክረው ጌሾ ተራ ሄዳችሁ እንድትቆሙ ነው። ጠዋት፣ በገበያ ቀን። ጌሾ ምሬት ብቻ አይደለም የሚሰጠው፤ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽም ይይዘዋል። ከጌሾው የቆጠበች ጠማቂ ጠላዋ ቀድሞ አቼቶ ይሆንባታል። ስለዚህ የጌሾ አገዛዝ ብዙ ይናገራል። አንዳንዷ መጥታ «ሁለት ኪሎ መዝንልኝ» ትልና ስልኳን እያየች ትቆማለች። እሷን እለፏት።

አንዲት ደንበኛ አለችኝ። በሁለት ሳምንት አንዴ ትመጣለች። መጀመሪያ ክምሩ ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ ታስገባለች፤ ከላይ ያለውንማ ማንም ያሳምረዋል። ከሥር አንድ ቅጠል ታወጣለች። በጣቶቿ ፍርክስ ታደርግና ታሸተዋለች። ከዚያ አፏ ውስጥ ከታ ታኝካለች። እኔ ሚዛኑን ይዤ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ካኘከች በኋላ እንትፍ አለችና «ይሄ ያምናው ነው፤ ለሌላ ሽጥ የኔ ልጅ» አለችኝ። ያምናው ነበር። ከዘንድሮው ጋር የደባለቅኩት እኔ ነኝ፣ አልዋሽም። እንጨቱንም እንደዚሁ ሰብራ፣ አሽትታ ነው የምትወስደው። የሷን ጠላ ከቀመስኩ ወዲህ ሌላ ቤት ስሄድ ሆዴ አይረጋም።

እንዲህ ዓይነት ሴት ካያችሁ ጠጋ በሉና በጨዋ ደንብ ጠይቁ። «እናቴ፣ ለማኅበር ነው ወይስ የሚሸጥ?» በሉ። ለማኅበር ከሆነ እግዜር ያስፈጽምዎ ብላችሁ ተመለሱ። የሚሸጥ ከሆነ «መቼ ይደርሳል?» በሉ። ባትነግራችሁም ቀኑን ራሳችሁ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ድፍድፉ፣ እንኩሮው፣ ውኃ ጨምሮ ማሸጉ ሲታከልበት በደሴ ብርድ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሆናል። ሐረጎን ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሙቀቱ ስለሚያፋጥነው ይቀንሳል። ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ እያለ ጠላ ፍለጋ መሄድ ለአንዳንዱ ሰው ያስቃል። እኔን አያስቀኝም።

ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ያለው ቀን ደግሞ ዋናው ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠላው ጉሽ ነው፤ ጣፈጥ ይላል። እኔ እንደምወደው ጎምዘዝ የሚለው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቀን ቀንሱ። ከዚያ በኋላ ያለው የዕድል ጉዳይ ነው። ጋን በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ የአቼቶ እናት ነው። ስለዚህ ደጃፉ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ስታዩ ዘላችሁ አትግቡ። «መቼ ነው የተከፈተው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ጠማቂ ጥያቄው ደስ ይላታል። «ጠጣ ዝም ብለህ» ካለች መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ሸጣ ጣሳዋን የምታወርድ ሴት፣ ዓመት ሙሉ በሯ ተዘግቶ ከማያውቅ ቤት ትሻላለች። ጋኗ ቶሎ ያልቃልና።

ስትቀምሱ የመጀመሪያውን ጉንጭ አትመኑ። አፍ ገና ምሳ የበላበትን ነው የሚያወራው። ሁለተኛው ላይ ፍረዱ። ጭሱንም አስተውሉ። ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠኑ ደንብ ነው፤ ጠረኑ ከኋላ ቢመጣ ያምራል። ጭስ ጭስ ብቻ የሚላችሁ ጠላ ግን የሚደብቀው ነገር አለ። የመልኩን ነገር እለፉት። የጠቆረው እንኩሮው በደንብ ስለተቆላ ነው፤ የቀላው ስላልተቆላ። የደጋው ሰው በገብስ፣ የቆላው በማሽላ ይጠምቃል። ሁሉም ጥሩ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ብሩ። ጠላ በጣሳ ነው የሚሸጠው፤ ጣሳ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ታቹ ወደ ላይ የጎበጠ ጣሳ አለ፤ ከላይ ሲታይ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ከሥር ግን ሆዱ ባዶ ነው። እኔ ባዶ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ይዤ እሄዳለሁ። «ይቺን ሙሊልኝ፣ ስንት ነው?» እላለሁ። ሁለት ቤት እንዲህ ካስሞላችሁ የቱ ርካሽ እንደሆነ ያለ ክርክር ታውቃላችሁ። በጣሳ ርካሽ የመሰለኝ ቤት በሃይላንድ ሲለካ ውድ ሆኖ ያገኘሁት ስንቴ ነው!

ቅራሪንም አትናቁ። ጠላው ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ነው። ቀጭን ነው፣ ይጎመዝዛል፣ ራስ አያዞርም። ለቀትር ፀሐይ ከሱ የተሻለ የለም። ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው፤ መሆንም አለበት። ችግሩ ቅራሪ በጠላ ዋጋ ሲሸጥላችሁ ነው። መልኩ ገርጥቶ፣ የጌሾው ምሬት እንደመጣ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ቅራሪ ነው። በቅራሪ ዋጋ ክፈሉ።

የበዓል ዋዜማ አትግዙ። ሁሉም ይቸኩላል፤ ድፍድፉ ሳይበስል ውኃ ይጨመርበታል፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ከበዓሉ በኋላ ግን ሰው በየዘመዱ ሲጠጣ ሰንብቶ ጠላ ቤቱ ጭር ይላል። ያኔ ጋን ከፍታ ገዢ ያጣች ሴት ዋጋ ትቀንሳለች። በጥምቀት ሰሞን እንዲህ ገዝቼ ከጎረቤቶቼ ጋር ሁለት ቀን ተዝናንተናል። ሙስሊም ጎረቤቴ የራሱን ቀሪቦ ይዞ መጣ። «አብሽር፣ የኔ አይኮመጥጥም» እያለ ሲያበሽቀን አመሸ።

ጀሪካን ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኔ የተማርኩት ጢጣ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። ሃያ ሊትር አስሞልቼ፣ እንዳይፈስ ብዬ ክዳኑን በሙሉ ኃይሌ አጠበቅኩት። ጠላ ደግሞ ገና ይፈላል፤ አየር ያወጣል። ባጃጁ ሲንገጫገጭ ጀሪካኑ እንደ ነፍሰ ጡር ተነፋ። ላላ ላደርገው ክዳኑን ስነካው ፏ! የባጃጁ ጣሪያ፣ የሾፌሩ ማጅራት፣ የኔ ነጭ ሸሚዝ። ሾፌሩ ዞር ብሎ ከንፈሩን ላሰና «ጥሩ ጠላ ነው» አለኝ። የእጥበት ግን አስከፈለኝ። አራት ጣት ያህል አጉድላችሁ ቅዱ፣ ክዳኑን ላላ አድርጉ፣ ዘይት የነበረበትን ጀሪካን ፈጽሞ አትጠቀሙ። ቤት ከደረሰ በኋላም በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ጨርሱት።

ስለ ጎምዛዛ ቢራ ካነሳሁ የእህቴን ልጅ ሳልጠቅስ ባልፍ ይቀየመኛል። ቤልጅየም ነው የሚኖረው። ሲመጣ እንደ ሻምፓኝ ቡሽና ሽቦ ያለው ጠርሙስ አመጣልኝ። ጉዝ ይሉታል። ብራስልስ አካባቢ የሚጠመቅ ላምቢክ የሚባል ቢራ አለ፤ እርሾ አይጨምሩበትም። እሳት ላይ የፈላውን የብቅል ውኃ ገንዳ ላይ ያሳድሩትና አየር ላይ ያለው እርሾ ራሱ ገብቶ ያቦካዋል። ከዚያ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ሲቀላቀል ጉዝ ይሆናል። ቀመስኩት። «ይሄማ የኛው የሦስተኛ ቀን ነው» አልኩት። ዋጋውን ሲነግረኝ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

የገረመኝ ግን ሆፑ ነው። ሆፕ የነሱ ጌሾ ነው በሉት። ላምቢክ ጠማቂዎች ምሬቱ እንዲለቅ ብለው ሆን ብለው ያስረጁታል። ያቺ ደንበኛዬ ያምናውን ጌሾ እንትፍ ብላ ስትመልስብኝ፣ እዚያ ያረጀውን ይመርጡታል። እሷ ብትሰማ ምን እንደምትል አስባለሁ። ከመቀላቀሉ ግን አንድ ነገር ወስጃለሁ። ሁለት ጋን የከፈተች ቤት ካገኘሁ ግማሹን ከቆየው፣ ግማሹን ከአዲሱ አስቀዳለሁ። የቆየው ጉምዘዛውን ይሰጣል፣ አዲሱ ነፍስ ይዘራበታል። ሴትየዋ ታየኝና ትስቃለች፤ ትቀዳልኛለች ግን። የቆየውን ስለማስለቅቅላት ጉርሻም አይጠፋም።

አሁን የዚያችን ደንበኛዬን ቤት ንገረን እንደምትሉ አውቃለሁ። አልነግርም። ወረፋው እኔንም ያስወጣኛል። ይህን ያህል ግን ልበል፦ ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ኪሎ ቅጠል መርጣ ወስዳለች። ቀኑን ራሳችሁ ቁጠሩ።