መላ ታሪኩ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ የሚያልቅ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

መላ ታሪኩ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚፈጸም ልብ ወለድ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ባለታሪኩ ለምን ወጥቶ አይሄድም የሚለው ነው። በሩ ስለተቆለፈበት ብቻ የቀረ ሰው ታሪክ ቶሎ ይደክማል፤ መውጣት እየቻለ የማይወጣው ግን አንባቢን እስከ መጨረሻው ይይዛል። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል እናስብና፣ የታመመ ወንድሟን ይዛ ከመንዝ የመጣች አስታማሚን ባለታሪክ እናድርጋት። በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ሐኪሙ መቼ እንደሚጠራት ስለማታውቅ ከግቢው መራቅ አይሆንላትም።

ቀጥሎ የሕንፃውን ንድፍ በወረቀት ላይ ይሳሉ። የአንኮበርን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት የመረጠ ጸሐፊ ከፍርስራሹ ተነሥቶ ብዙውን በምናቡ መገንባት ይኖርበታል፤ ሆስፒታልን ግን ተዘዋውሮ ማየት ይቻላል። ካርድ ክፍሉን፣ ላቦራቶሪውን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ የተኝቶ ታካሚዎችን ክፍሎችና ደረጃዎቹን ካስቀመጡ በኋላ፣ በእያንዳንዱ በር ማን እንደ ልቡ እንደሚያልፍና ማን ፈቃድ እንደሚለምን ይጻፉ። ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ግጭት የሚወለደው በር ላይ ነውና። ጠዋት ሐኪሞቹ ታካሚዎችን እየዞሩ በሚያዩበት ሰዓት ጥበቃው «እህቴ፣ ዶክተሮቹ ራውንድ ላይ ናቸው፤ ውጪ ጠብቂ» ብሎ ሲመልሳት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ በጓሮው ደረጃ ስታሳልፋት፣ ሥልጣኑ የማን እንደሆነና መንገዱን ማን እንደሚያውቅ ያለ ትንታኔ ይታያል።

ከዚያ የቀኑን ሥርዓት ያውጡ፤ የራውንዱ፣ የተረኞች ቅያሬና የጠያቂ ሰዓት ታሪኩን ወደ ምዕራፎች ይከፍሉታል።

የውጪው ዓለም ወደ ሕንፃው በሰው እጅና በስልክ ይግባ። ታሪኩን በኅዳር ማድረግ ለዚህ ይመቻል፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደብረ ብርሃን በዚያ ወር ሌሊት ውርጭ ያጠቃታል፣ ገብሱም አጨዳ ይጠብቃል። አስታማሚዋ ኮሪደር ላይ በካርቶን ተኝታ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖሷን ከማታውቃት የአንኮበር ሴት ጋር ስትጋራ፣ ባሏ ደውሎ አጫጅ እንዳጣ ሲነግራት፣ ተራራውና እርሻው ሳይታዩ ይሰማሉ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ክፍሎቹን ሁሉ አያሳዩ። ቢያንስ አንዱን፣ ለምሳሌ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን፣ አስታማሚዋ ከበሩ ውጪ ብቻ እንድታውቀው ያድርጉ። ረቂቁ ሲያልቅም ንድፉን ዘርግተው የእያንዳንዱን ሰው መንገድ በእርሳስ ይከተሉ፤ ያለ ደረጃ ፎቅ የወጣ ወይም በተከለከለበት በር ያለ ምክንያት የገባ ሰው ካለ፣ ያን ትዕይንት እንደገና ይጻፉ።