የመርሳት በሽታን ለመከላከል የደም ግፊትን ቤት ውስጥ እንዴት በትክክል እንለካለን?

የደም ግፊት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ልብን፣ ኩላሊትንና ስትሮክን ነው። ማስታወስን ቀስ በቀስ እንደሚሸረሽር ግን እምብዛም አይነገረንም። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ግፊት አንጎል ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያደነድናል፤ ያጠብባል። አንዳንዶቹም ተዘግተው ሰውየው ምንም ሳይሰማው ጥቃቅን ስትሮኮችን ያደርሳሉ። ጉዳቱ ሲጠራቀም ሐሳብ ይዘገያል፣ ሒሳብ ይምታታል፣ የጎረቤት ስም ይጠፋል። ቤተሰብም «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው የኋይትሆል ጥናት እንዳሳየው፣ በ50 ዓመታቸው የላይኛው ግፊታቸው (ልብ ደም ሲገፋ የሚለካው፣ መጀመሪያ የሚነበበው ቁጥር) 130 እና ከዚያ በላይ የነበረ ሰዎች በእርጅና ዘመናቸው ለመርሳት በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። በአሜሪካ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2019 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው ስፕሪንት ማይንድ የተባለው ጥናት ደግሞ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ሰዎች፣ ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ ቀለል ያለ የማስታወስ ችግር በ19 በመቶ ያህል እንደቀነሰላቸው አሳይቷል። ለመርሳት በሽታ ራሱ ግን ያ ጥናት ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። መልሱ የመጣው በ2025 ከቻይና ገጠር ነው። በ326 መንደሮች ወደ 34,000 ሰዎችን ባሳተፈው ጥናት የመንደር ጤና ሠራተኞች መድኃኒት በርካሽ ወይም በነጻ እያቀረቡ፣ ሰዎች ግፊታቸውን ቤታቸው እንዲለኩ እያስተማሩ ለ4 ዓመታት ሲከታተሉ፣ የመርሳት በሽታ በ15 በመቶ ቀንሷል። ይህን ሁሉ ያደረጉት ስፔሻሊስት ሐኪሞች አይደሉም። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ተስፋ ነው ብዬ አምናለሁ።

እናቴን በመንከባከብ ዓመታት ያረጋገጥኩት ነገር ቢኖር፣ በትክክል ያልተለካ ግፊት ካልተለካው ይልቅ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። የተሳሳተ ቁጥር አላስፈላጊ መድኃኒት ያስጀምራል፤ ወይም የሚያስፈልገውን ያስቀራል።

1. መለኪያውን መምረጥ

ክንድ ላይ የሚታሰር፣ ራሱ የሚነፋ ዲጂታል መለኪያ ይግዙ። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አልመክርም፤ አንጓው ከልብ ትይዩ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ውጤቱ ይዛባል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ለሻንጣ ስለሚቀል ብዙ ጊዜ እሱን ይልካሉና የክንዱን እንዲያመጡ አስቀድሞ መንገር ይበጃል። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያው 220 ቮልት መቻሉ ጀርባው ላይ መጻፉን ይዩ፤ ካልተጻፈ በባትሪ ይጠቀሙ። የትኛው ሞዴል በትክክል ተፈትሾ እንዳለፈ ለማወቅ ስትራይድ ቢፒ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ዝርዝሩን በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጧል።

ከማሽኑ በላይ ወሳኙ ግን የማሰሪያው ስፋት ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር የክንድዎን ዙሪያ በትከሻና በክርን መካከል ይለኩ። ማሰሪያው ላይ «22–32 ሳንቲ ሜትር» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ፤ የእርስዎ ክንድ በዚያ ውስጥ መሆን አለበት። ወፍራም ክንድ በጠባብ ማሰሪያ ሲለካ ግፊቱ ከእውነተኛው በላይ ይመጣል። በ2023 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት በጣም ሰፊ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ወደ 20 ገደማ ተጨምሮ እንደሚወጣ አሳይቷል። የከሱ አዛውንቶች ክንድ ደግሞ በሰፊ ማሰሪያ ሲለካ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያዘናጋል።

2. ከመለካት በፊት

ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና አድካሚ እንቅስቃሴ የለም። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት ያስፈልጋል። ጠዋት ከቁርስና ከመድኃኒት በፊት፣ ማታ ከመኝታ በፊት ይለኩ። ከቤተ ክርስቲያን ዳገት ወጥተው የገቡ እናት ወዲያው አይለኩም።

3. አቀማመጥ

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የአልጋ ጫፍ፣ በርጩማና ዝቅ ያለ ሶፋ አይሆኑም። ጀርባ የሚደግፍ ወንበር ጠረጴዛ አጠገብ ያስቀምጡ። እግር አይጠላለፍም፤ ሁለቱም የእግር መዳፎች መሬት ይረግጣሉ። እናቴ አጭር ስለሆኑ እግራቸው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ከሥሩ ወፍራም መጽሐፍ አደርግላቸዋለሁ።

እጅጌ መጠቅለል ቀላል ይመስላል፤ የተጠቀለለው ሹራብ ግን ክንዱን እንደ ገመድ አንቆ ውጤቱን ያበላሻል። ሹራቡ ይውለቅ፤ ከበረደ ጋቢው ከትከሻ በላይ ይደረብ። ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ፣ ከክርን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ቱቦው በክንዱ የውስጥ በኩል ወደ መዳፍ ይወርዳል። ከታሰረ በኋላ ሁለት ጣት ከሥሩ ከገባ ልክ ነው።

ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ማሰሪያው ከልብ፣ ማለትም ከደረት መሐል ጋር ትይዩ ይሁን። ጠረጴዛው ዝቅ ካለ ትራስ ይጨመር። ሰዎች ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር ያዩታል። የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት ግን ክንድ ጭን ላይ ሲያርፍ የላይኛው ግፊት በ4፣ ወደ ጎን ሲንጠለጠል ደግሞ ከ6 በላይ ተጨምሮ ይነበባል። እጇን አንጠልጥላ የተለካች ሴት ጤናማ ሆና ሳለ የግፊት ሕመምተኛ ልትባል ትችላለች።

ከዚያ 5 ደቂቃ ዝምታ። ለእኛ ቤት ከባዱ ይህ ነው፤ ጎረቤት ይገባል፣ ሰላምታው ረጅም ነው፣ ስልክ ይጮኻል። ማውራት ራሱ ግፊትን ይጨምራል። እናቴ ቁጥሩ ሲወጣ እያዩ «ጨመረ እንዴ?» ብለው ይደነግጡና ሁለተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ የማሽኑን ፊት ወደ እኔ አዞረዋለሁ፤ ውጤቱን የምነግራቸው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

4. መለካትና መመዝገብ

በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ክንድ ለክተው ከፍ ያለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በእሱ ይቀጥሉ። ልዩነቱ ከ10 ካለፈ ለሐኪም ይነገር። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ፣ በመካከላቸው አንድ ደቂቃ እየጠበቁ ለ7 ቀናት ይለኩ። ደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የላይኛውን፣ የታችኛውንና የልብ ምቱን ይጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀሩትን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ የተለካው አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሂዱ። መለኪያው የተዛባ የልብ ምት ምልክት ደጋግሞ ካሳየ እሱም ይነገር፤ የልብ ምት መዛባት ለስትሮክ ያጋልጣልና።

ለአዛውንቶች አንድ ተጨማሪ ልኬት አለ። ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ደግፈው ያስነሷቸውና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩ። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲነሱ ሊያዞራቸውና ሊወድቁ ይችላሉ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን እንዲያስተካክል ሊጠየቅ ይገባል።

ቁጥሩ 180/120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መያያዝ ካለ መለካቱን ትተው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

5. ከቁጥሩ በኋላ

በአንድ ከፍ ያለ ቁጥር ተደናግጦ ክኒን መጨመር አደገኛ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ግፊቱ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም ነው፤ የተስተካከለው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ሽፈራውም ከምግብ ጋር ይበሉ፤ አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ግን አይተኩም። ፀበል የሚጠመቁም መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ።

መርሳት የጀመረን ሰው «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። አንዳንዱ አይወስድም፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይወስዳል። የሰባት ቀን ክፍል ያለውን የመድኃኒት ሳጥን ገዝተው እሑድ ማታ ይሙሉትና የዕለቱ ክፍል ባዶ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። በሽታው ከያዛቸው በኋላ ግፊት በራሱ ዝቅ ሊል ስለሚችል የቆየው የመድኃኒት ልክ በሐኪም እየተከለሰ መሄድ አለበት። መርሳት ሁሉ ከግፊት የመጣ አይደለም፤ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትና ድባቴም ያደርሱታል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉና ምርመራውን ይጠይቁ።

6. ለራስዎም ይለኩ

ጥናቶቹ አጥብቀው የሚናገሩት ስለ ጎልማሶች ነው። ዛሬ የ45 ዓመት ሰው ሆነው የእናትዎን ክንድ የሚያስሩ ከሆነ፣ በዚያው ጠዋት በዚያው ወንበር የራስዎንም ይለኩ። ብዙዎቹ መለኪያዎች የሁለት ሰው ውጤት ለየብቻ ያስቀምጣሉ፤ የእናትዎ ቁጥር ከእርስዎ ጋር እንዳይቀላቀል የሁለተኛውን ሰው ቁልፍ ተጭነው ይጀምሩ።