የቴሌግራም ዩዘርኔም፦ ችግርና መፍትሄ

ዩዘርኔም ማለት ከ@ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ በአማርኛ እንዳሻችሁ የምትጽፉት ስም አይደለም። ስሙን ሺህ ሰው ሊጋራው ይችላል። ዩዘርኔሙ ግን በመላው ቴሌግራም የአንድ ባለቤት ብቻ ነው።

አልቀበልም ይላል

ከ5 እስከ 32 ሆሄ፤ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የታች ሰረዝ (_) ብቻ። በቁጥር አይጀምርም፣ በታች ሰረዝ አያልቅም። ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል።

"ተይዟል" ይላል፣ ሰው ግን የለበትም

ሰው፣ ቻናል፣ ግሩፕና ቦት የሚካፈሉት አንድ መዝገብ ነው፤ ከዓመታት በፊት የተተወ ቻናል ይዞት ይሆናል። ያው ስም በፌስቡክ፣ በትዊተር (በአሁኑ ኤክስ) እና በኢንስታግራም ቢያንስ በ2ቱ ላይ የእናንተ ከሆነ ቴሌግራም ለዚሁ ባቆመው ዩዘርኔም ቦት በኩል ጠይቁ። "በፍራግመንት ይሸጣል" ካለ ፍራግመንት በሚባለው የዩዘርኔም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ የሚገዛ ነው። በውስጥ መስመር "በብር ልልቀቅላችሁ" ለሚል አትክፈሉ። ስሙን በለቀቀባት ቅጽበት ማንም ሊወስደው ይችላል፣ ብሩም አይመለስም።

ስሙን በስልክ ነገርኩት፣ አላገኘኝም

ጥፋቱ የአመራረጥ ነው። "ፀሐይ"ን አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጀምራታል፤ መጨረሻዋን አንዱ በዋይ ሌላው በአይ ይዘጋታል። ቀ፣ ጨ፣ ኘና ጰ ያለባቸው ስሞችም እንዲሁ ናቸው። የሚጠብቅ ፊደልማ አንዱ አንዴ፣ ሌላው ሁለቴ ይጽፈዋል። ለ3 ሰው በቃል ንገሩና ጽፈው ያሳዩአችሁ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ካልጻፉ ተዉት። የታች ሰረዝም ባነር ላይ ከሊንኩ ሥር በሚሰመረው መስመር ይዋጣል።

ዩዘርኔሜን ቀየርኩ፣ ደንበኞቼ ሌላ ሰው ጋ ገቡ

ደጋግሞ የሚመጣው ይህ ነው፤ ገንዘብ የሚያስከፍለውም ይኸው ነው። ልብስ ወይም ስልክ የሚሸጥ ቻናል በየፖስቱ ግርጌ "ለማዘዝ" ብሎ የአድሚኑን ዩዘርኔም ይጽፋል። 2 ዓመት ሲሠራ ብዙ ሺህ ፖስት ይከማቻል። ከዚያ አድሚኑ "ስሙ አላማረኝም" ብሎ ይቀይራል። ቴሌግራም የቀድሞውን ወደ አዲሱ አይመራም፤ ስሙ ነፃ ይወጣል፣ የቀደመ ይወስደዋል። የወሰደው ሰው የእናንተን ፎቶና የአማርኛ ስም ይለጥፋል። የድሮ ፖስት አይቶ የነካ ደንበኛ በቀጥታ እሱ ጋ ይገባል፣ ቀብዱን በቴሌብር ይልካል፣ ዕቃውን ግን ከእናንተ ይጠይቃል። ይህ በእናንተ ቸልተኝነት የመጣ ነው፤ ደንበኛው የተጻፈለትን ነው የነካው።

የቻናሉ የራሱ ዩዘርኔም ሲቀየር ተከታዮቹ አይጠፉም፣ ፎርዋርድ የተደረገውም ወደ ቻናሉ ይመራል። የሚሞተው በጽሑፍ የተሰራጨው ሊንክ ነው፦ ካርድ ላይ፣ ባነር ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ያለው።

መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውን አትልቀቁት፤ ባዶ ቻናል ላይ አስቀምጡት።

1. መጀመሪያ አዲስ ፕራይቬት ቻናል ክፈቱ፤ "አድራሻችን ተቀይሯል" የሚል አንድ ፖስት ከአዲሱ ዩዘርኔም ጋር ጻፉበት።
2. በኮምፒውተር ወይም በሁለተኛ ስልክ የዚያን ቻናል ሴቲንግ ክፈቱ፤ ፐብሊክ ሊንክ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ቁሙ።
3. በመጀመሪያው ስልክ የአካውንቱን ዩዘርኔም ወደ አዲሱ ቀይሩ።
4. ወዲያው አሮጌውን ቻናሉ ላይ ጻፉና ሴቭ በሉ። በ3ና በ4 መካከል ስሙ ሜዳ ላይ ነው፤ ሻይ ለመጠጣት አትነሱ።

አንድ ተራ አካውንት 10 ፐብሊክ ሊንክ መያዝ ይችላል፣ የሚከፈልበት ፕሪሚየም ደግሞ 20። ያንን ቻናል በኋላ "ምንም አይሠራም" ብላችሁ አትሰርዙት፣ ፕራይቬትም አታድርጉት፤ ስሙ ያኔውኑ ይለቀቃል።

ስሙ ቀድሞ ከተወሰደ የቻናላችሁን ፖስቶች አርሙ፤ የቻናል ፖስት ቢያረጅም ይታረማል። ከሁሉ በፊት ብዙ የታዩትን። ወደ ሌላ ግሩፕ የተዛመተው ቅጂ ግን አይታረምም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ፒን አድርጉ፣ አስመሳዩንም ሪፖርት አድርጉ።

አንድ ፊደል ሳይለይ የእኔን ዩዘርኔም ይዟል

ሊይዝ አይችልም፤ በደንብ እዩት። ትልቁ አይና ትንሹ ኤል በስልክ ላይ አንድ ይመስላሉ። ኮፒ አድርጋችሁ ሁሉንም ወደ ትልቅ ፊደል ብትቀይሩት ልዩነቱ ይወጣል። ሌላው ብልሃት የባሰ ነው፦ አጭበርባሪው ዩዘርኔሙን ባዶ ይተውና የእናንተን ባዮው (ስለራስ የሚጻፍበት ቦታ) ላይ ይጽፈዋል። ለደንበኞቻችሁ ንገሩ፦ ፕሮፋይሉ ላይ ጽሑፉ ሥር "ባዮ" የሚል ካለ ያ ዩዘርኔም አይደለም።

ዩዘርኔም አለኝ፣ ስልክ ቁጥሬ ግን ይታያል

ዩዘርኔም ቁጥር አይደብቅም። ፕራይቬሲ ውስጥ ስልክ ቁጥርን "ኖባዲ" (ማንም እንዳያይ) ላይ አድርጉ። ሰው ኮንታክት ስታደርጉ "ቁጥሬን አጋራ" የሚለውን ምልክት አንሱ። ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሰው ግን ምንም ብታደርጉ ያየዋል።

ሲሙ ጠፋ ወይም ተዘጋ

አካውንቱ ከተከፈተበት ስልክ ሳትወጡ ቁጥሩን ከሴቲንግ ቀይሩ፤ ዩዘርኔሙ አብሮ ይቆያል። አካውንቱን ሰርዞ በአዲስ ቁጥር እንደገና መክፈት ስሙን መጣል ነው።

ሱቁን ለሌላ ሰው ላስረክብ ነው

ስሙ ቻናሉ ላይ ይሁን፤ የቻናሉን ባለቤትነት አስተላልፉ። ለዚህ ባለ 2 ደረጃ የይለፍ ቃል ከ7 ቀን በፊት የበራ፣ የምትጠቀሙበት ስልክም አካውንቱ ከገባበት ቢያንስ 24 ሰዓት የሞላው መሆን አለበት። ገዢው ብሩን ይዞ ፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ የይለፍ ቃሉን ብታበሩ ሳምንት ትጠብቃላችሁ።