በግራን ቱሪስሞ 7 የመኪና አቅም ከኪሎ ሜትር ጋር እንዴት እንደሚለወጥ መለካት

በአብዛኛዎቹ የመኪና እሽቅድምድም ጌሞች ውስጥ መኪና አያረጅም፤ ሺህ ዙር ቢነዳም በተገዛበት ቀን የነበረውን አቅም እንደያዘ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለፕሌይስቴሽን 5 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 7 ግን እያንዳንዱ መኪና የተነዳበትን ርቀት ይመዘግባል፤ ርቀቱ በጨመረ መጠንም የሞተሩ ዘይት ይበላሻል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ የቦዲው ጥንካሬም ይቀንሳል። ለውጡ በጣም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አሽከርካሪው ሳያውቀው ይለምደዋል። እኔ ራሴ አንድ መኪናዬ ቀጥታ መንገድ ላይ በሌሎች መቀደም ሲጀምር ብዙ ምሽት የማርሽና የሞላ ማስተካከያ ስነካካ ከቆየሁ በኋላ፣ ጥፋቱ ሳልቀይረው የረሳሁት ዘይት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ማስተካከያ ከመነካቱ በፊት መኪናው በእርግጥ ምን ያህል እንደደከመ መለካት ይገባል።

ስሜት ለዚህ ሥራ የማይበቃበት ምክንያት በሒሳብ ይታያል። የአየርን ግፊት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ እጅግ በበለጠ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ መሆን አለበት። በዚህ ስሌት 500 የፈረስ ጉልበት ያለውና በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መኪና 25 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም ከመቶ 5 እጁን ቢያጣ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ የሚወርደው ወደ 295 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሌሎች መኪናዎች መካከል እየተሻሙ ይህችን 5 ኪሎ ሜትር ማስተዋል አይቻልም፤ ከኩርባ ሲወጡ የሚጠፋው ጥቂት ጊዜ በየዙሩ ሲደመር ግን ውድድሩን ያስከፍላል።

የመጀመሪያው እርምጃ መነሻውን መመዝገብ ነው። መኪናው አዲስ ከሆነ ገና ሳይነዳ የማስተካከያ ገጹን ይክፈቱና ሦስት ነገሮችን ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ የተነዳበትን ኪሎ ሜትር፣ የፈረስ ጉልበቱን፣ እንዲሁም ፒፒ የሚባለውን የአቅም ነጥብ። ፒፒው ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ አለውና እነዚያንም አይተዉ፤ ትንሹ ለውጥ የሚታየው እዚያ ነው። ከአሮጌ መኪና መሸጫ የተገዛ መኪና ከሆነ ግን የሻጩን ቁጥር እንደ መነሻ መውሰድ ያሳስታል፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረለት አይታወቅምና መጀመሪያ ዘይቱን ያስቀይሩ፣ ከዚያ ይመዝግቡ።

ቀጥሎ የሙከራውን ሁኔታ ማሰር ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ብቻዎን የሚነዱበትን ውድድር ያዘጋጁና የጎማ መበላትንና የነዳጅ ፍጆታን ያጥፉ፤ የአየር ጠባዩንና ሰዓቱን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ያድርጉ። የነዳጁ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 100 ሊትር እያቃጠለ የሚሮጥ መኪና በመጨረሻው ዙር 75 ኪሎ ግራም ያህል ቀሎ ይገኛል፤ ይህም ቅለት የሞተሩን ድካም ሸፍኖ መኪናው ጭራሽ የተሻለ እንዲመስል ያደርጋል። ጎማው ከሙከራ ሙከራ አንድ ዓይነት ይሁን። ማርሽ በእጅ የመቀየር ልምድ ቢኖርዎትም ለሙከራው አውቶማቲኩን ይምረጡ፤ ማርሹን ትንሽ አዘግይቶ መቀየር ብቻውን ከዘይቱ ተጽዕኖ የበለጠ ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ሁለት ነገሮችን ይለኩ። አንደኛው የሞተሩን ጉልበት የሚያሳይ ነው፦ ረጅም ቀጥታ ባለው ትራክ ላይ በአንድ በተወሰነ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር፣ ከአንድ ከሚታወቅ ምልክት ተነሥተው ነዳጅ እስከ መጨረሻው ይስጡና ሌላ በሚታወቅ ምልክት ላይ ሲደርሱ ያለዎትን ፍጥነት ይመዝግቡ። እየነዱ ማንበብ ካስቸገረ ድጋሚ ምስሉን አስቁሞ ማየት ይቻላል። ሁለተኛው የመኪናውን አያያዝ የሚያሳይ ነው፤ ኩርባ የሚበዛበት አጭር ትራክ ላይ ጥቂት ዙር ነድተው፣ ፈጣኑን ዙር ሳይሆን የሦስት ንጹሕ ዙሮችን አማካይ ይውሰዱ። ፈጣኑ ዙር የእርስዎን ዕድል እንጂ የመኪናውን ሁኔታ አይናገርም።

ከዚያ ርቀት ማጠራቀም ይመጣል። ስፔሻል ስቴጅ ሩት ኤክስ የሚባለው ትራክ አንድ ዙሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አሥር ዙር 300 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ በአማካይ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ የአንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሥራ ነው። የኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ የሚባለው ትራክ ደግሞ አንድ ዙሩ 20.832 ኪሎ ሜትር በመሆኑ ለዚያው ርቀት ከ14 ዙር ትንሽ ያልፋል፤ ጉዞው ግን እንደ ሩት ኤክስ እንቅልፍ አያመጣም። መሪውን በላስቲክ አስረው መኪናውን ብቻውን የሚያስኬዱ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ መደበኛው ውድድርም ርቀቱን ስለሚቆጥር በየ100 ኪሎ ሜትሩ ቁጥሮቹን እየጻፉ እንደወትሮው መጫወት ይበቃል።

የፈረስ ጉልበቱ ወርዶ ካገኙት ጂቲ አውቶ ወደሚባለው የጥገና ክፍል ይሂዱ፤ ሆኖም ሁሉንም ጥገና በአንድ ጊዜ አይክፈሉ። በመጀመሪያ ዘይቱን ብቻ ያስቀይሩና ወደ ማስተካከያ ገጹ ተመልሰው ቁጥሩን ከመነሻው ጋር ያስተያዩ። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰ ጥፋቱ የዘይት ብቻ ነበር፤ ለሞተር ሊወጣ የነበረው ገንዘብም ይተርፋል። ለምሳሌ መነሻው 500 የነበረ መኪና 478 ላይ ወርዶ ከዘይት ቅየራ በኋላ 492 ላይ ቢቆም፣ 14ቱን ዘይቱ ወስዶት እንደነበርና የቀሩት 8 ግን ከሞተሩ ድካም የመጡ መሆናቸውን ያሳያል፤ ሞተር ማደስ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። የቦዲው መላላት ግን በፈረስ ጉልበት ቁጥር ላይ አይታይም። ጉልበቱ ተመልሶ፣ የቀጥታው ፍጥነትም ከመነሻው ጋር ገጥሞ፣ ኩርባ የሚበዛበት ትራክ ላይ ያለው አማካይ ጊዜ ብቻ እንደዘገየ ከቀረ፣ የሚጠረጠረው ቦዲው ነውና ጥንካሬውን የሚመልሰውን ጥገና አስደርገው ያንኑ ሙከራ ይድገሙ።

ዘይት ሲቀየር ፒፒውም አብሮ ስለሚወጣ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ700 በላይ በማይፈቀድበት ውድድር ውስጥ በአሮጌ ዘይት 699 ከምናምን ሆኖ ሲገባ የኖረ መኪና፣ ዘይቱ እንደተቀየረ 700.12 ሊሆንና በሩ ሊዘጋበት ይችላል። በዚህ ጊዜ የጉልበት መገደቢያውን አስገጥሞ ከመቶ አንድ ያህል ዝቅ ማድረግ ወይም ትንሽ ተጨማሪ ክብደት መጫን መኪናውን ወደ ገደቡ ይመልሰዋል፤ ዘይቱ እንደገና ሲያረጅ ደግሞ መገደቢያውን መልሶ መክፈት ይቻላል።