ደብረ ብርሃን ላይ የዌልሶቹን ዝንጉርጉር ዳቦ መጋገር

ዌልሶች፣ የብሪታንያዋ የዌልስ ሰዎች፣ ባራ ብሪት ይሉታል። ባራ ዳቦ ነው፣ ብሪት ደግሞ ዝንጉርጉር። ስትቆርሱት ስሙ ከየት እንደመጣ ታዩታላችሁ፤ ዘቢቡ ዳር እስከ ዳር ተበትኖበታል። እኔ የወደድኩት ግን ዘቢቡ በሻይ ስለሚዘፈዘፍ ነው። እኛ ቤት መቼም ሻይ ጠፍቶ አያውቅም።

ድሮ በእርሾ ነበር የሚጋገረው፣ አሁንም በእርሾ የሚሠሩት አሉ። እኔ የምነግራችሁ በቤኪንግ ፓውደር የሚሠራውን ነው። ቅቤም ዘይትም አይገባበትም። እርጥበቱን የሚያገኘው ሻይ ከጠጣው ዘቢብ ነውና መዘፍዘፉ ላይ አትቸኩሉ።

ሥራው የሚጀምረው ማታ ነው። 300 ግራም ዘቢብ ያዙ፤ ጥቁሩና ነጩ ቢደባለቅ ደስ ይላል። ቴምር ካላችሁ ፍሬውን አውጥታችሁ ጥቂት ክተፉበት። ዘቢቡን ለቅማችሁ በለብታ ውሃ በደንብ እጠቡት፣ ጥርስ ላይ አሸዋ ከመጣ ዳቦው በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ከዚያ ሻይ። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ቅጠሉ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ሻዩን አያጠቁረውም። 2 የሾርባ ማንኪያ ቅጠል ጨምራችሁ እሳት ላይ እንዳለ 5 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ሲጠል 300 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ትኩስ እያለ 150 ግራም ስኳር አሟሙበትና ዘቢቡ ላይ ገልብጡት። ከድናችሁ ተኙ። በኛ ብርድ ፍሪጅ አያስፈልገውም።

ጠዋት ስትከፍቱት ያ የተጨማደደው ዘቢብ ተወጥሮ፣ በጣት ሲነኩት ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ከሥሩ የቀረውን ወፈር ያለ ሻይ እንዳትደፉት፣ ሊጡ የሚቦካው በሱ ነው።

350 ግራም ፉርኖ ዱቄት ንፉ። 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ገውዝ በቁንጥጫ፣ ትንሽ የተፈጨ ድንብላል፣ ትንሽ ጨው ጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደሩ 2 የሻይ ማንኪያ ብቻ ይሁን። ቆላ ላይ ወይም ባሕር ዳርቻ ላለ አገር የተጻፈ አሠራር 3 ወይም 4 ይላችኋል፣ እዚህ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይበስል መልሶ ይወርዳል። የመጀመሪያዬ መሀሉ ሰርጉዶ ነው የወጣው። 1 እንቁላል መትታችሁ ከዘቢቡና ከሻዩ ጋር ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ አማስሉት፤ ብዙ አትሹት። ከማንኪያው ቀስ ብሎ መውደቅ አለበት። ከደረቀባችሁ ሁለት ማንኪያ ሻይ አክሉበት። ጾም ከሆነ በእንቁላሉ ፈንታ አንድ የበሰለ ሙዝ ፈጭታችሁ ጨምሩ፣ ትንሽ ጠጠር ይላል እንጂ ይሆናል።

ረዘም ያለውን የዳቦ ቅርጽ ዘይት ቀብታችሁ ወረቀት አንጥፉበት። ኦቨን ካላችሁ 180 ዲግሪ ላይ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈልጋል። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል አልብሱት። ኦቨን ከሌለ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ጠጠር ደርድራችሁ ቅርጹን እላዩ ላይ አስቀምጡና እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጉበት። ጎረቤታችን እማማ እንደዚህ ስጋግር አይተው «የታቹን እሳት ቀነስ አድርጊው ልጄ፣ ስኳር ያለበት ነገር ቶሎ ያርራል» አሉኝ፣ ከዚያ ወዲህ አርሮብኝ አያውቅም። ስንጥር መሀሉ ላይ ሰክታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል።

ትኩስ እንዳለ ላዩን ማር ቀቡት። እባካችሁ ቶሎ አትቁረጡት፣ ይፈራርስባችኋል። ሙሉ በሙሉ ሲበርድ በወረቀትና በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ቅመሙ ወጥቶ ዳቦውም ረጥቦ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል። ዌልሶች በስሱ ቆርጠው ቅቤ ይቀቡታል። እናንተም ለጋውን ቅቤ ተጠቀሙ፣ ለወጥ የተነጠረው ግን ከኮረሪማውና ከኮሰረቱ ጋር የዘቢቡን ጣዕም ይውጠዋል።